ስለ ስእለትና ስለ መባ

ሰው ወደ እግዚአብሔር ቤት የሚያመጣው ነገር በብዙ ስም ይጠራል። አሥራት አለ፥ በኵራት አለ፥ መባ አለ፥ ስእለት አለ፥ ብፅዓት አለ፥ ምጽዋት አለ። አሥራትና በኵራት በሕግ የተወሰኑ ናቸውና ብዙ ክርክር አያስነሡም፤ ከዐሥሩ አንዱ፥ ከፍሬውም መጀመሪያው ይሰጣል። ስእለትና መባ ግን ከሰው ፈቃድ የሚወጡ ስለ ሆኑ የፈቃዱን ጠባይ መመርመር ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረውም ይህን ነው፤ ሰው ለእግዚአብሔር ሲሰጥ በእርግጥ ይሰጣልን? ወይስ ያበድራል? የሚያበድርስ ከሆነ፥ ብድሩ ሳይመለስለት የቀረ እንደ ሆነ ያ ስጦታ ምን ይባላል?

አስቀድመን የቃላቱን ምስጢር እንይ። ስእለት ሰአለ ከሚለው ግሥ ይወጣል፤ ሰአለ ማለት ለመነ ማለት ነው። እንግዲህ በግእዙ ስእለት ልመናው ራሱ ነው እንጂ ስለ ልመናው የሚከፈለው ነገር አይደለም። ሰው በቃሉ ራሱን አሥሮ የሚከፍለው ብፅዓት ይባላል። መባም በግእዙ መባእ፥ ቦአ፥ አብአ ከሚለው ይወጣል፤ ገባ፥ አገባ ማለት ነው፤ ስለዚህ ወደ ውስጥ የገባ፥ ከገባም በኋላ ወደ ሰጪው የማይመለስ ነገር መባ ይባላል። በአማርኛችን ግን ሦስቱ ተገናኙና ሕዝቡ «ስለቴን አስገባሁ» ይላል። በዚህ በአንድ አነጋገር ልመናውም፥ ቃል ኪዳኑም፥ ስጦታውም አብረው ገብተዋል። አነጋገሩ ከሕዝብ ልብ የወጣ ነውና አይነቀፍም፤ ዳሩ ግን ሦስቱ በቃል እንደ ተደባለቁ በልብም ተደባልቀው እንዳይቀሩ ለይቶ ማሳየት የተማረ ሰው ሥራ ነው።

በደባርቅና በዳባት፥ በስሜንም ግርጌ ባሉት አጥቢያዎች ሁሉ የንግሥ በዓል የደረሰ እንደ ሆነ ይህ ነገር በዓይን ይታያል። ከዋዜማው ጀምሮ ሰው በእግሩም፥ በበቅሎውም፥ በመኪናውም ይመጣል። ከአምባራስ የሚወርደው ደገኛ አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ብርዳም ደጋ ነውና ዋናው እህሉ ገብስ ነው፤ ስለዚህ የሚያመጣው የገብስ ዳቦና የገብስ ጠላ፥ ጧፍ፥ የሞላለትም እንደ ሆነ በግ ነው። የከተማው ነጋዴ ጃንጥላና ምንጣፍ፥ መጋረጃና ዕጣን ያመጣል። ወደ ባሕር ማዶ የሄደው ዘመድም ገንዘቡን በባንክ ይልካል። ሌሊቱን ማኅሌት ሲቆም ያድራል፤ ታቦቱም በወጣ ጊዜ ካህናቱ ከበውት ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ይዞራል። ታቦቱ ቆሞ ሳለ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ የስእለቱን ዝርዝር ያሰማል፤ እገሊት ልጅ ስለ ተሰጣት ጃንጥላ፥ እገሌ ከሕመሙ ስለ ተነሣ ምንጣፍ፥ እገሌ ከእስር ስለ ተፈታ ወይፈን እያለ። በየስሙም እልልታ ይከተላል። ሕዝቡ ከዚያ በኋላ ወደ ሰንበቴው ቤት ይሄዳል፤ ዳቦው ይቈረሳል፥ ጠላው ይቀዳል፥ ለነዳያንም ድርሻቸው ይሰጣል።

ከተማሩት ወገኖቻችን አንዳንዶቹ ይህን አይተው «ይህ በዓል ሳይሆን ገበያ ነው፤ ሰው ከፈጣሪው ጋራ ዋጋ ይከራከርበታል» ይላሉ። ነገሩ ከሩቅ ሲታይ እንዲህ ይመስላል። ነገር ግን ፈጥኖ መፍረድ አይገባም። አባታችን ያዕቆብ ከወንድሙ ፊት በሸሸበት መንገድ ላይ ድንጋይ ተንተርሶ ባደረ ጊዜ የሚበላውን እንጀራና የሚለብሰውን ልብስ ሰጥቶ በሰላም ቢመልሰው አሥራት እንደሚያወጣ ተስሏል። ሐናም መካን በሆነች ጊዜ ልጅ ብትሰጠኝ መልሼ እሰጥሃለሁ ብላ ተስላለች፤ ልጁንም ሳሙኤልን ጡት ካስጣለችው በኋላ ወስዳ ሰጥታለች። እንግዲህ «ይህን ብታደርግልኝ ይህን አደርጋለሁ» ማለት በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ቅዱሳን ባልተመሰገኑበትም ነበር። የጨነቀው ሰው ባዶ እጁን ከሚለምን አንድ ነገር ይዞ ቢለምን ይወዳል፤ ይህ የንግድ ሳይሆን የጭንቅ ጠባይ ነው። ልጁ በትኩሳት የሚነድድበትን ገበሬ «ያለ ምክንያት ውደድ፥ ያለ ተስፋ ስጥ» ብሎ ማስተማር ለተናጋሪው ቀላል ነው፤ ለሚሰማው ግን ከባድ ነው።

ደግሞ አንድ ሊቅ ተነሥቶ «ለድሃ የሚሰጥ ለእግዚአብሔር እንደሚያበድር ሰሎሞን አስተምሮ የለምን? ብድር ማለትን ስለ ምን ትነቅፋለህ?» ቢል፥ መልሱ ይህ ነው። የምድር አበዳሪ ሦስት ነገር ይወስናል፤ የሚከፈለውን ዓይነት፥ የሚከፈልበትን ቀን፥ ካልተከፈለም የሚይዘውን መያዣ። ሰሎሞን የተናገረለት አበዳሪ ግን ከሦስቱ አንዱን እንኳ አይወስንም። ዓይነቱንና ቀኑን ለተበዳሪው ትቶታል፤ መያዣም አልያዘም። ይህን የመሰለ ብድር ስሙ ብድር ይሁን እንጂ ጠባዩ ስጦታ ነው። እንግዲህ ክፉው ነገር ተስፋ ማድረጉ አይደለም፤ ክፉው ነገር የሰጡትን ነገር አንዱን ጫፍ በእጅ ይዞ መቅረት ነው። ጠቦቱን ሰጥቶ ገመዱን ያልለቀቀ ሰው ሰጠ አይባልም።

ይህም በሦስት ፈተና ይታወቃል። መጀመሪያው ልመናው ተሰምቶ መክፈያው ቀን በድህነት ጊዜ ሲደርስ ነው። ሁለተኛው የስእለቱ ክፍያ ሌላውን ሰው የሚጎዳ ሲሆን ነው። ሦስተኛው ልመናው ሳይሰማ ሲቀር ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳልና በመጨረሻ እናየዋለን።

የመጀመሪያውን በምሳሌ እንግለጠው። አንድ ገበሬ ሁለት በሬዎች አሉት እንበል። ልጁ ቢታመምበት «ልጄ ከዳነ አንዱን በሬዬን እሰጣለሁ» ብሎ ተሳለ፤ ልጁም ዳነ። በዚያው ዓመት ግን በረዶ ገብሱን መታው፤ ከሁለቱ በሬዎችም አንዱ ሞተ። የቀረውን በሬ ከጎረቤቱ በሬ ጋራ አቀናጅቶ ቢያርስ ቤተ ሰቡ ከረኃብ ይተርፋል፤ ቢሰጠው ግን ያ የዳነው ልጅ ራሱ የሚበላው ያጣል። ቢሰጥ ልጁን ይጎዳል፥ ባይሰጥ ቃሉን ያፈርሳል። እንግዲህ ምን ያድርግ ቢሉ፥ መልሱ ከጥንት ተሰጥቷል። በኦሪት ዘሌዋውያን መጨረሻ የስእለቱ ዋጋ በየመጠኑ ከተወሰነ በኋላ፥ የተሳለው ሰው ድሃ ሆኖ ያን መክፈል ቢያቅተው በካህኑ ፊት እንዲቆምና ካህኑ እጁ በሚችለው መጠን እንዲገምትለት ታዝዟል። ሕጉ ስእለቱን አልሻረውም፤ ለክቶ አቀለለው እንጂ። ስለዚህ የንስሐ አባት ሥራው እንደ ዕዳ አስከፋይ በደጅ መቆም አይደለም፤ መለካት ነው። ዘንድሮ ጧፍ፥ ለከርሞ ጠቦት፥ በሬውም ጥጃ ሲተካ ብሎ ቀን የሚሰጥ ካህን ስእለቱንም ልጁንም አድኗል። ይህን መብት የማያውቅ ብዙ ድሃ አለና ሊነገረው ይገባል።

ሁለተኛው ፈተና ሌላውን የሚጎዳ ስእለት ነው። ዮፍታሔ ከጦርነት በድል ቢመለስ ከቤቱ ደጅ ወጥቶ የሚቀበለውን ሊሠዋ ተሳለ፤ የተቀበለችውም አንዲት ልጁ ሆነች። መተርጕማን በዚህ ታሪክ ብዙ ተጨንቀዋል፤ እኛ ግን አንዱን ነገር እንያዝ። ዮፍታሔ የተሳለው የራሱ ባልሆነው ነገር ነው፤ የልጁ ሕይወት የልጁ ነበርና። ጌታም በወንጌል ፈሪሳውያንን የገሠጸው ለእናትና ለአባት የሚገባውን መጦሪያ «ቁርባን ነው» ብለው ስለ ከለከሉ ነው። አሮጊት እናቱን በዳባት ያለ ጋቢ አስቀምጦ ለደብሩ ትልቅ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ሰው ምንጣፉን ከእናቱ ትከሻ አውልቆ እንዳነጠፈው ይቈጠራል። የሠራተኛውን ደመወዝ ይዞ መጋረጃ የሚሰጥ ነጋዴም የሰጠው የሠራተኛውን ነው፤ ዋጋ ቢኖረው ዋጋው ለሠራተኛው ነው። ዲድስቅልያ ኤጲስ ቆጶሳት ከግፈኛና ከበዳይ እጅ የሚመጣውን መባ እንዳይቀበሉ አጥብቆ የሚያስጠነቅቀው ስለዚህ ነው። መባውን የተቀበለ ካህን የግፉ ተካፋይ ይሆናል፤ ግፈኛውም «እግዚአብሔር ተቀበለኝ» ብሎ በግፉ ይጸናል።

ወደ ሦስተኛው ፈተና እንምጣ። ለዚህ ከምሳሌ ይልቅ በዚያው በስሜን የተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ አለን። ከአምባራስ ተነሥቶ የቧሂትን መተላለፊያ የተሻገረ መንገደኛ ወደ ጃናሞራ ወርዶ ደረስጌ ማርያምን ያገኛል። ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ስሜንንና ትግሬን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። ደጃዝማች ውቤ በዘመነ መሳፍንት ከነበሩት መኳንንት ሁሉ በኃይልና በሀብት ከታወቁት አንዱ ነበሩ፤ በ1833 ዓ.ም. ወደ ግብፅ መልእክተኞች ልከው አቡነ ሰላማን ያስመጡም እርሳቸው ናቸው። ደረስጌንም አሳምረው ያሠሩት በዚያው ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሊደፉባት አስበው እንደ ነበረ በአገሩ ይነገራል። ነገሩ ግን እንዳሰቡት አልሆነም። በ1847 ዓ.ም. በየካቲት ወር ከቋራው ካሣ ጋራ በደረስጌ አቅራቢያ ተዋግተው ድል ሆኑ፥ ተማረኩም። ካሣም ከጥቂት ቀን በኋላ በዚያችው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤ ያስመጡት ጳጳስ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ውቤን ያሸነፈውን አነገሠ።

አንባቢ ሆይ፥ እንግዲህ ይህን መባ ምን እንበለው? ስለ ዘውዱ ተሰጥቶ እንደ ሆነ ሁሉም ከስሯል። ስለ እመቤታችን ተሰጥቶ እንደ ሆነ ግን ምንም የጠፋ ነገር የለም፤ ቅዳሴው ይቀደሳል፥ ኪዳኑ ይደርሳል፥ ሕፃናት ይጠመቁበታል፥ ሙታን ይፈቱበታል። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፥ ሥዕሉም ያው ሥዕል ነው፤ ልዩነቱ ያለው በሰጪው ልብ ብቻ ነው። የሰውን ልብ ደግሞ የሚያውቅ ፈጣሪው ነውና በደጃዝማች ውቤ ላይ እኛ አንፈርድም። ምናልባት ሁለቱም አሳብ በአንድ ልብ ውስጥ አብሮ ኖሮ ይሆናል፤ በብዙዎቻችን ልብ እንዲሁ ነውና። ይህን ብቻ ማለት እንችላለን፤ በእስር ሳሉ ስለ ደረስጌ ባሰቡ ቍጥር ከሁለት መንገድ አንዱ በፊታቸው ነበረ። ወይ «ያን ሁሉ ደክሜ ለሌላው ሆነ» ማለት፥ ወይም «ለአንቺ ሰጥቼሻለሁ፥ ይሁን» ማለት። ይህን ሁለተኛውን ያለ ሰው ያንኑ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ጊዜ ሰጥቷል። በመጀመሪያው ጊዜ በተስፋ ሰጠ፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን የሚጠብቀው ሳይኖረው ሰጠ። እውነተኛው መባም ሁለተኛው ነው።

ይህ ጥያቄ በእኛ አገርና በእኛ ሃይማኖት ብቻ የተነሣ አይደለም። በቻይና የሊያንግ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት የነበረ ዉ የሚባል ሰው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ502 እስከ 549 ነግሦ የቡድሃን ሃይማኖት እጅግ ያከብር ነበረ፤ ብዙ ገዳማትም አሠርቷል። በዚያ ሃይማኖት ሰዎች ዘንድ እንዲህ ተብሎ ይተረካል። ቦዲዳርማ የሚባል መነኵሴ ከህንድ አገር በመጣ ጊዜ ንጉሡ ጠርቶ ገዳማትን ስለ መሥራቱና መጻሕፍትን ስለ ማስጻፉ ምን ያህል ዋጋ እንደሚጠብቀው ጠየቀው። መነኵሴውም ምንም ዋጋ እንደሌለው መለሰለት፤ ንጉሡም ይህን ሰምቶ ደስ አልተሰኘም። እኛ ወንጌልን የምናምን ሰዎች ይህን መልስ እንዳለ አንቀበለውም፤ በደቀ መዝሙር ስም የተሰጠ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ ዋጋው እንደማይጠፋ ተምረናልና። ነገር ግን መነኵሴው የመታው የንጉሡን ሥራ ሳይሆን ጥያቄውን ነው። ዋጋውን በሚቈጥር ሰው እጅ ዋጋው አይቀመጥም፤ ይህን ያህሉን እኛም እንናገራለን።

የዚያው ሃይማኖት ሰዎች በሲሎን፥ በበርማና በታይላንድ የሚያከብሩት ካቲና የሚባል በዓል አለ። መነኮሳታቸው በዝናሙ ወራት ሦስት ወር ያህል ከአንድ ስፍራ ሳይወጡ ይቀመጣሉ፤ ዝናሙም ሲያልፍ ምእመናኑ ለልብስ የሚሆን ጨርቅ ያመጣሉ። በዚህ በዓል የሚያስደንቀው ነገር ሰጪው «ይህን ለእገሌ» ብሎ ተቀባዩን አለመምረጡ ነው። ጨርቁን ለማኅበሩ ይሰጣል፤ ማኅበሩ ከመነኮሳቱ ለአንዱ ይለይለታል፤ ቀኑ ሳያልፍም ተቈርጦና ተሰፍቶ ልብስ ይሆናል። ደግሞ በበርማና በታይላንድ ስጦታው ከተፈጸመ በኋላ ሰጪው ውኃ ከዕቃ ቀስ አድርጎ ያፈስሳል፤ በዚህም የስጦታውን በጎነት ለሞቱት ዘመዶቹና ለፍጥረት ሁሉ ያካፍላል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስምና ምልክቱ ለእኛም ግልጽ ነው፤ ሰጪው ነገሩን ብቻ ሳይሆን የነገሩንም ምስጋና ከእጁ አፈሰሰ።

ስለ እነዚህ ሕዝቦች በቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ መናገሬ እንግዳ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፥ ከእነርሱ የመጣ ታሪክ በመጻሕፍት ቤታችን ውስጥ ከ400 ዓመት በላይ እንደ ተቀመጠ ይወቅ። በመጻሕፍት አዋቂነታቸው የታወቁት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ በ1545 ዓ.ም. ገደማ፥ የበረላምንና የይዋስፍን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰውልናል። ይዋስፍ የህንድ ንጉሥ ልጅ ነበረ። አባቱ በሽታንና እርጅናን ሞትንም እንዳያይ በአዳራሽ ዘግቶ አሳደገው፤ ኋላ ግን አየ፥ አዘነም፤ በረላም ከሚባል ባሕታዊ ተምሮ መንግሥቱን ትቶ መነነ። የታሪክ ሊቃውንት መርምረው ይህ ትረካ በመጀመሪያ ስለ ቡድሃ ይነገር ከነበረው እንደ ተነሣ፥ ከሕዝብ ወደ ሕዝብም ሲያልፍ የክርስቲያን መጽሐፍ እንደ ሆነ አስረድተዋል። አባቶቻችን ቢያውቁም ባያውቁም የተቀበሉት መልካም ስለ ሆነ ነው። አሁን ደረስጌንና ይዋስፍን አብረን እንያቸው፤ በደረስጌ መባው ዘውድ ሊያመጣ ታሰበ፤ ይዋስፍ ግን ዘውዱን ራሱን መባ አደረገው።

የሚቀበለው ወገንም በዚህ ነገር ድርሻ አለው። ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ቈላው የወረደ ሰው ዛሪማንና አዲ አርቃይን አልፎ ወደ ዋልድባ ገዳም አቅጣጫ ይደርሳል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 12 ቀን የሚታሰቡት የአባ ሳሙኤል ገዳም ነው። በዋልድባ ምድር እህል አይዘራበትም፤ የብዙዎቹ መነኮሳት ምግብም ከሙዝና ከሥራ ሥር የሚዘጋጀው ቋርፍ ነው። ከዚህ ሥርዓት አንድ ትምህርት እናገኛለን። ጎተራው የሞላ ባለጠጋ ዋልድባን በጎተራው ሊያሥራት አይችልም፤ በማዕዷ ላይ እህሉ ስፍራ የለውምና። ሰጪው ዕጣን ይዞ ቢሄድ ይቀበሉታል፥ ይጸልዩለታልም፤ ነገር ግን «እኔ ባልኖር ምን ይበሉ ነበር?» ማለት አይችልም። በጥቂት የሚበቃው ተቀባይ ሰጪውን ከትዕቢት ያድነዋል። በየከተማው ያለን ካህናትም ቋርፍ ባንበላ እንኳ ይህን ብንይዝ መልካም ነው፤ የምናጣው ነገር ያስፈራን እንደ ሆነ ለግፈኛው መባ «አንቀበልም» ማለት ያቅተናል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው እንመለስ፤ የመሳፍንት ያልሆነ፥ የየቤቱ የሆነ ነገር ነውና። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ አቅራቢያ በደረሰ ጊዜ፥ በነሐሴ ወር በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። በዚያ ወራት በዚያ አገር ያልተሳለ ቤት አለ ብሎ ማሰብ አይቻልም። እንግዲህ አንዲት እናት በልባችን እንሣል፤ «ልጄ በሕይወት ቢመለስ ለታቦቱ ጃንጥላ አገባለሁ» ብላ የተሳለች። ልጁ አልተመለሰም። በሚቀጥለው ንግሥ የሌሎቹ ስእለት በየስሙ ሲነገርና እልልታው ሲቀልጥ እርሷ በዐጸዱ ጥግ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ለእርሷ ምን እንላታለን?

አስቀድሞ ሊባል የማይገባውን እንናገር። «ስእለትሽ ስላነሰ ነው» ወይም «እምነትሽ ስለ ጐደለ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ አነጋገር ሐዘንተኛዪቱን ሁለተኛ ጊዜ ይገድላል፥ እግዚአብሔርንም በጃንጥላ ዋጋ ሕይወት የሚሸጥ ነጋዴ ያደርገዋል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ መልካም አድርገው ነበር፤ የተወቀሱት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። ሁለተኛም ማንም ጃንጥላውን ሊጠይቃት አይችልም። ቃሏ «ቢመለስ» የሚል ነበርና አላሠራትም፤ ዕዳ የለባትም። ይህን በግልጽ ሊነግራት የሚገባው ካህኑ ነው። ስለ ምን ቢሉ፥ ብዙ ሰው የታቦት ዕዳ አለብኝ እያለ በሐዘኑ ላይ ፍርሃት ይጨምራልና።

ይህ ሁሉ ከተነገራት በኋላ ግን፥ ማንም ሳያስገድዳት በሌላ ዓመት አንዲት ጧፍ ይዛ ብትመጣ፥ ያቺ ጧፍ ምንድር ናት? ዋጋ አይደለችም፤ የተገዛ ነገር የለምና። መያዣም አይደለችም፤ የምትጠብቀው የለምና። ወርቅ ሠሪ ጌጡን በሰም ቀርጾ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ሲያገባው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፥ ባዶ በቀረውም ስፍራ ወርቁን ያፈስበታል። ሰሙ ካልወጣ ወርቁ መግቢያ የለውም። የዚያች እናት ስእለትም ሰሙ በእሳት ወጥቶ ነበር፤ አሁን ያመጣችው ወርቁን ነው። ደሃዪቱ መበለት ሁለት ሳንቲም በጣለች ጊዜ ጌታ ከባለጠጎች ሁሉ አብልጦ ያመሰገናት የቀራት ነገር ስላልነበረ ነው፤ ይህችም እናት የቀራት ተስፋ ሳይኖር ሰጥታለች።

ነገር ግን ይህን እንደ ሕግ አድርገን በሰው ላይ አንጫን። ጧፍ ሳትይዝ የመጣችም እናት፥ ከቶ ያልመጣችም፥ አልጐደለባትም። ሁለተኛው መስጠት የሚያምረው ማንም ሳይጠይቀው የሚሰጥ ሲሆን ነው፤ የሚጠይቀው ካገኘ እንደ ገና ግብር ይሆናል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንይዘው አጭር ነው። ስእለት የሚነበብበትን ልማድ መሻር አያስፈልግም፤ የተፈወሰ ሰው ፈውሱን ቢያወራ ለሌላው ተስፋ ነው። ዳሩ ግን ሁሉ አንድ ሆኖ ይነበብ፤ ጧፉም እንደ ምንጣፉ በእኩል ድምፅ ይነገር፤ ስማቸውን መግለጥ ለማይወዱትም «ስሙን እግዚአብሔር የሚያውቀው» ይባል። ከዝርዝሩም በኋላ ካህኑ ጥቂት ጊዜ ወስዶ ተስለው ስላልሆነላቸው ሰዎች አንድ ጸሎት ቢያደርስ፥ በዐጸዱ ጥግ የቆሙትም በዓሉ የእነርሱም እንደ ሆነ ያውቃሉ። ይህ ገንዘብ አያስወጣም፥ ሥርዓትም አያፋልስም።

የደረስጌ ደወል ዛሬም ሲደወል ስለ ማን ዘውድ እንደ ተሠራች የሚጠይቅ ምእመን የለም፤ ሁሉም ጫማውን አውልቆ ይገባል። የምንሰጠው ነገር ሁሉ በመጨረሻ እንዲህ ከእኛ አሳብ ወጥቶ ለሌላው መጠለያ እንዲሆን፥ እኛም ያን አይተን ደስ የሚለን ልብ እንዲኖረን አምላካችን ይርዳን። አሜን።